ገራሙ የተንበረከከበት ሸሚዝ

ሽታው ነው ወደ ልጅነቴ የመለሰኝ። ባለፈው መስከረም ልጄ ዘሃራ ከምንኖርበት ከዌስተን አሳፍራን፣ ሦስት ሰዓት ያህል ወደ ሰሜን ነድታ፣ ሙስ የሚሉትን የዚህን አገር ግዙፍ አጋዘን በስሪያው ወቅት እንድናይ ጫካ ዳር አቆመችን። ወርደን ጥቂት እንደ ተራመድን ነፋሱ ዞር ሲል፣ ሽንትና ጭቃ የወንድ እንስሳም ላብ የተቀላቀለበት ሽታ አፍንጫዬን መታኝ፤ እኔም ሳላስበው የጃኬቴን ዚፕ ከፍቼ ማውለቅ ጀመርኩ። የዘጠኝ ዓመቷ የልጅ ልጄ ሰሚራ እጄን ይዛ፣ «አባባ፣ ኢትስ ፍሪዚንግ! ዋይ ጃኬት ታወልቃለህ?» አለችኝ። ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ እኔም አላወቅኩም።

በልጅነቴ የምንኖረው ከባቲ ከተማ በታች፣ ቆላው በሚጀምርበት ነበር። አባቴ ሰይድ ጨውና እህል በግመል እየጫነ ከገበያ ገበያ ያመላልስ ነበር። ያለው አንድ አውራ ግመል ነው፤ ሕፃን ቢስበው የሚከተል ስለሆነ ስሙን ገራሙ ብሎታል። እናቴ ግን ስሙንም ግመሉንም አታምንም ነበር። «ገራም የሚሉት ነገር ቀኑን የሚጠብቅ ነው» ትል ነበር።

ታዲያ አንድ ሰኔ፣ ዝናቡ ቀድሞ ጥሎ ጭነቱ ርሶ ከብዶ ነበርና፣ ገራሙ ገበያ መሃል ተንበርክኮ አልነሳም አለ። ሰው ሳቀ። አባቴ ከብት መምታት አይወድም፣ ያን ቀን ግን ሳቁ አናዶት በበትሩ ፊቱን መታው። ገራሙም ድምፅ ሳያሰማ ተነስቶ ጭነቱን አደረሰ። እናቴ ማታ ይህን ስትሰማ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«ፊቱን? ያውም ሰው እያየ?»

«ተይው፣ ረስቶታል።»

«አንተ ረስተህ ይሆናል፣ ሰይድ።»

ክረምቱን ሙሉ ግመሉ ዝም ብሎ ያመነዥክ ነበር። እኔም እንደ አባቴ ረስቷል ብዬ ነበር፤ አንድ ቀን ግን እናቴ ጠርታኝ፣ «መንጋጋውን እየው» አለችኝ። እሷ ስታልፍ ያመነዥካል፣ እኔ ሳልፍ ያመነዥካል፣ አባቴ ሲያልፍ ግን መንጋጋው ቀጥ ይላል፣ አባቴ ካለፈ በኋላ ደግሞ ይቀጥላል። ከዚያ ወዲያ እኔም እንቅልፍ አጣሁ። አባቴ በበኩሉ፣ «እናትና ልጅ ግመል ላይ ስለላ ጀመራችሁ?» እያለ ይስቅብን ነበር።

መስከረም ሲጠባ ቆላው ለመለመ፣ የጎረቤቶቻችንም እንስት ግመሎች ወደ እኛ ሜዳ ወረዱ። ያኔ አውራው ይለወጣል፤ ከማጅራቱ ጥቁር ላብ ይወርዳል፣ ጥርሱን ያፋጫል፣ ከአፉ በአረፋ የተሸፈነ ቀይ ፊኛ የመሰለ ነገር እያወጣ ይንቧቧል፣ ሽታውም ቤት ድረስ ይገባል። እኛ ልጆች ማየት እንወድ ነበር፤ ሕጉን ግን ሁላችንም እናውቅ ነበር። በእሱና በእንስቶቹ መሃል አይገባም፣ ከወፍራም ግራር ጀርባ ሆኖ ነው የሚታየው፣ ከማየትህም በፊት በየት እንደምትሮጥ ታውቃለህ።

አንድ ጠዋት ግራሬ ጀርባ ቆሜ ሳለሁ፣ ገራሙ እግሩ የታሰረበትን ገመድ በጠሰ። ወደ እንስቶቹ ይሄዳል ስል፣ አጠገባቸው አልፎ ወደ ቤታችን መጣ። አባቴ ሮጦ ከድንጋይ የተሠራችው የፍየል በረት ውስጥ ገባ፣ ግመሉም በሩ ላይ ቆመ። እንዲህ ቂም የያዘ ግመል አንዳች ነገር ካልተጣለለት በቀር አይመለስም፤ የሰውየውን ልብስ ይሰጡታል፣ ቂሙም በእሱ ላይ ይወጣለታል። ይህን አገሩ ሁሉ ያውቃል። እናቴም የአባቴን ሸሚዝ ጭድ ሞልታ ከአጥሩ በላይ ወረወረችለት። ገራሙ አሸተተው፣ ትቶትም በአንገቱ የበረቱን በር መግፋት ጀመረ። ለካ ሸሚዙን በዋዜማው በሳሙና አጥባው ኖሯል!

«ሰይድ፣ የለበስከውን! የለበስከውን አውልቅ!»

አባቴ የሳምንት ላብ የጠጣውን ሸሚዝ በበረቱ የጀርባ ቀዳዳ አወጣላት። እሷ ለእህል ጆንያ አልብሳ ወረወረችው። ገራሙ ለረጅም ጊዜ አሸተተ፣ ከዚያ ተንበረከከበት፣ በደረቱም ፈጨው፣ ፈጨው፣ በጥርሱ ቀዳደደው። እኔ ወደ በረቱ ጎን ተጠግቼ፣ በድንጋዮቹ መሃል የአባቴን ፊት አይ ነበር፤ ራቁት ደረቱን በእጁ ይዞ፣ ራሱ ሲገደል ቆሞ ያይ ነበር። ግመሉ ሲበቃው ተነሳ፣ ማመንዠክ ጀመረ፣ ወደ እንስቶቹም ሄደ።

አባቴ፣ «በቃ፣ ታርቀናል» ብሎ በጥቅምት መልሶ ጫነው። ክፉም አልገጠመው። እናቴ ግን፣ «ሸሚዝ መሆኑን አውቆ ቢሆንስ?» ማለቷን አልተወችም፤ አባቴም ይስቅባት እንጂ ከዚያ ወዲህ ከገራሙ ፊት ፊት ሲሄድ አይቼው አላውቅም። ማን ማንን እንዳታለለ እኔ እንጃ፣ እስከ ዛሬም አላውቅም።

ሙሱ ረግረጉ ዳር ቆሞ ነበር። ሰዎች ስልካቸውን ዘርግተው ይጠጉታል። «ሂ ኢዝ ሶ ካልም» አለች ሰሚራ በእርጋታው ተገርማ፣ ከአንዲት ቀጭን ዛፍ አጠገብ ቆማ። እኔ ግን ጆሮው ወደ ኋላ መተኛቱን አየሁ፤ ሲበላ የነበረውንም ማኘክ አቁሟል። «ኑ፣ ወደ መኪና» አልኩ። «አባዬ፣ ምንም አያደርግም፣ ሪላክስ ያድርጉ» አለች ዘሃራ። አልሰማኋትም፤ ልጅቷን በክንዷ ይዤ መጎተት ጀመርኩ፣ እናቷም እየተነጫነጨች ተከተለችን። መኪናው ጋ ስንደርስ ከኋላችን ቅርንጫፍ ሲሰበር ተሰማ፣ ሰው ሁሉ እየጮኸ ሮጠ፤ ደግነቱ የተጎዳ የለም። ያቺን ቀጭን ዛፍ ግን ሙሱ በቀንዱ እየገረፈ ከሥሯ ነቀላት።

መኪና ውስጥ ገብተን ዘሃራ በሩን ስትቆልፍ፣ ጃኬቴ እጄ ላይ ተጠቅልሎ አገኘሁት። ልወረውርለት ኖሯል! ገራሙ አባቴን ያውቀው ነበር፤ በላቡ ሽታም በበትሩም ያውቀዋል፣ ስለዚህ አባቴ የሚሰጠው ነገር ነበረው። ይሄኛው እኔን አያውቀኝም፣ ቂምም የለውም፣ ከመራቅ በቀር ምን እሰጠዋለሁ? ሰሚራ ጃኬቱን አልብሳኝ ዚፑን እስከ አንገቴ ዘጋችው። ዘሃራ በየሳምንቱ ስለምታጥበው፣ ሳሙና ሳሙና ብቻ ይሸት ነበር።