ማንም የእኔ ያላለው ክምር

የሺዓለም ሕፃናትን ዕቃ መለየት ስታስተምር ደንቧ አንድ ብቻ ነበር፤ ከመለየት በፊት «ምን ይሠራል?» ብሎ መጠየቅ። ከምኒልክ አደባባይ ዝቅ ብሎ፣ ከባለቤቱ በተወረሰ ቤት ሳሎን ውስጥ፣ የቀበሌው ሕፃናት ሰሌን ላይ ተቀምጠው ማንኪያውን ከጭልፋው፣ ኩባያውን ከጣሳው ጋር ያደርጋሉ። ራስ ላይ የሚደረገው ቦታው በመስኮቱ ሥር ነው። እዚያ ያለችው ግን አንዲት የተተረተረች የሹራብ ቆብ ብቻ ስለነበረች የሺዓለም ባየቻት ቁጥር ይከፋታል።

ይህን ሰላማዊ ሥራ ያመሰው የቀበሌው ካድሬ ጓድ ፈቀደ ነው። ትናንት ፒያሳ ባንኮኒ ተደግፎ የሰው ሲጋራ ሲለምን የኖረ ሰው፣ ጥቂት ሳምንት ሴሚናር ተቀምጦ ቢመለስ የማያውቀው ነገር ጠፋ። የፀጉር ባርኔጣውን በጠራራ ፀሐይ እንኳ አያወልቃትም። ከሞስኮ እንደመጣችለት ያልነገረው ሰው ስላልነበረ ሕፃናቱ ሳይቀሩ በቃላቸው ይዘውታል።

አንድ ቀን ገባና ክምሮቹን በጫማው ጫፍ ነካ ነካ አደረጋቸው።

«ጓድ የሺዓለም፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«መብያና መጠጫ እየለዩ ነው፣ ጓድ።»

«የማን መብያ? የማን መጠጫ? ዋናው ጥያቄ እሱ ነው!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ክምሮቹ ሁለት ሆኑ፤ የአድኃሪና የሰፊው ሕዝብ። ፈቀደ ከቀበሌው መጋዘን የተወረሰ ከዘራና ጓንቲ አስመጥቶ ሕፃናቱን አስጠናቸው፦ ቆዳ ከሆነ፣ ካብለጨለጨ፣ ከባሕር ማዶ ከመጣ የአድኃሪ ነው።

«ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት እንግዶች ይመጣሉ» አላት። «ልጆቹ ካሳፈሩኝ ክፍሉን የውይይት ክበብ አደርገዋለሁ። አንቺም ሌላ እንጀራ ፈልጊ።»

እንደሚያደርገው ታውቃለች። አባቷ በጴንጤነቱ ታስሮ የተፈታ ሰው ነው፤ ማን ይሟገትላታል? ዝም ብላ ታዘዘች። እሱን ናቀችው፤ ዝም በማለቷ ግን ራሷን ይበልጥ ናቀች።

እንግዶቹ መጡ። ቦርሳቸውን፣ ጥቁር መነጽራቸውንና ላይተራቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ወንበራቸው ላይ ተንሰራፉ። ሕፃናቱ ከዘራውን ወዲያ፣ ጣሳውን ወዲህ እያሉ አንድም ሳይሳሳቱ ለዩ። ፈቀደ ደስታው ፊቱን ሞላው። ባርኔጣውን እንኳ ለእንግዶቹ ክብር አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀምጧል። ለመጨረሻው ትርኢት ደግሞ አንድ የብር ማንኪያ መጋረጃው ሥር ደብቆ ነበር።

«አድኃሪ ንብረቱን ይደብቃል!» ብሎ ተነሣ፣ ባርኔጣውን ወንበሩ ላይ ትቶ። «በዚህ ክፍል ውስጥ የቀረ ካለ ፈልጋችሁ አምጡ!»

ከሕፃናቱ መካከል የፊት ጥርሷ የወለቀው መይሙና ብድግ አለች። መጋረጃውን ዞር ብላም አላየችው። ቀጥ ብላ ወደ ጠረጴዛው ሄዳ የትልቁን እንግዳ ቦርሳ ዳሰሰች።

«ቆዳ ነው!» ብላ በሁለት እጇ ተሸክማ የአድኃሪው ክምር ላይ ጣለችው።

የቀሩት ግር ብለው ተከተሏት። ላይተሩ ያብለጨልጫል፤ ሄደ። መነጽሩም ሄደ። መይሙና በመጨረሻ የፈቀደን ባርኔጣ ከወንበሩ ላይ አነሣች።

«ከሞስኮ!» አሉ ሕፃናቱ በአንድ ድምፅ።

ዕቃውን ለማንሣት ከአድኃሪ ክምር ውስጥ እጅ ሰድዶ «የእኔ ነው» ማለት ያስፈልጋል፤ ይህን ከሌሎቹ ፊት ቀድሞ የሚል ወንድ ታጣ። አንዱ ሌላውን በዓይኑ ይጠብቃል። ትልቁ እንግዳ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ልጆቹ ነቅተዋል» አለና ያለ ቦርሳው ወጣ። የቀሩት ተከተሉት።

«ጓድ፣ ባርኔጣዎን...» አለች የሺዓለም።

«የእኔ አይደለም!» ብሎ ፈቀደ በሩን ወርውሮት ሄደ።

በማግስቱ የሺዓለም የሚያባርራትን ሰው ስትጠብቅ ዋለች። ማንም አልመጣም። ክፍሉን ሊወስድ የሚመጣ ሰው እነዚያ ዕቃዎች የማን እንደሆኑ መጠየቁ የማይቀር ነውና፣ ከዚያ ወዲያ የውይይት ክበብ የሚባል ነገር ያነሣባት የለም። ሁለቱን ክምሮች አፈረሰችና የፈቀደን ባርኔጣ ከፍ አድርጋ ለሕፃናቱ አሳየች።

«ምን ይሠራል?»

«ራስ ላይ ይደረጋል!»

መይሙና ወስዳ በመስኮቱ ሥር፣ ከተተረተረችው ቆብ አጠገብ አስቀመጠቻት። ክረምት ሲገባ ጓድ ፈቀደ ባዶ ራሱን ዝናብ እየወረደበት፣ አንገቱን ሳያዞር በዚያው መስኮት አጠገብ ያልፍ ነበር።