በድንጋዩ የበሰለ ምሳ

የሰፈራችንን የግጦሽ ሜዳ በእኔ አፍ ሰጡት። ሳልኖር፣ ሳልጠየቅ፣ «ሞዴል አርሶ አደሩ ሕዝቡን ወክሎ ተስማምቷል» ብለው ስብሰባ ላይ ተናገሩ። ያን ዕለት እኔ ሶዶ ገበያ ፍየል ይዤ ፀሐይ ላይ ቆሜ ነበር። የተበደልኩት ይኼን ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው።

ሜዳው የማንም አልነበረም፤ ስለዚህ የሁላችንም ነበር። ከጉኑኖ ከተማ ወጣ ብሎ ወንዝ ዳር ነው ያለው። ላም ይታሰርበታል፣ ሙት ይለቀስበታል፣ በጊፋታ፣ በወላይታ ዘመን መለወጫ ማለቴ ነው፣ ጎረምሳው ይጨፍርበታል። የእኛ አገር እርሻ ጠባብ ነው። ሜዳው ከሄደ ላሚቱ ትሄዳለች። ላሚቱ ከሄደች ቅቤውም ፍጉም ይሄዳል፤ ፍግ ያላገኘ እንሰት ደግሞ ቅጠል ነው እንጂ ምግብ አይሆንም።

ጣጣው የመጣው ከድንጋይ ነው። ወንዙ አፋፍ ላይ እንደ ቂጣ የተነባበረ ጥቁር ድንጋይ አለ፤ እሳት ሲነካው ይነድዳል። ልጆች ሳለን እያነደድነው ላምባ ላምባ ሸትተን ስንገባ እናቶቻችን ይገርፉን ነበር። እኛ የተገረፍንበትን ነገር ባለሙያዎች ቦቲ ጫማ አድርገው መጥተው «ሀብት ነው» አሉት። ሜዳው ተገልብጦ፣ ድንጋዩ ወጥቶ፣ እንደ ቡና ተቆልቶ ዘይት ይወጣዋል አሉ። ችካል ተከሉ። ሰዉ ማጉረምረም ሲጀምር፣ ነገሩን እንዲያስፈጽም የተመደበው የወረዳው ሰውዬ «ተስማማሁ» የሚል አንድ ገበሬ አስፈለገው። እኔ ደግሞ የሽንት ቤት ጉድጓድ ቀድሜ በመቆፈሬ ሞዴል ተብዬ ነበር። ጉድጓድ የቆፈረ ራሱ ይገባበታል ሲባል ውሸት ይመስለኝ ነበር።

ጎረቤት አልሰደበኝም፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እኛ ዘንድ እሳት የጠፋበት ቤት ማለዳ ገል ይዞ ጎረቤት ሄዶ ፍም ይጭራል። ከዚያ ስብሰባ በኋላ እሳት ልትጭር የእኔን ደጅ የረገጠች ሴት የለችም። የቅርብ ጎረቤቴ ሚስት ገሏን ይዛ በደጃችን ታልፍና ራቅ ካለው ቤት ትጭራለች፤ ስትመለስም በዚያው ፍሟን እፍ እፍ እያለች ታልፋለች። ሚስቴ ቆማ ታያታለች።

የወረዳውን ሰውዬ ቢሮው ድረስ ሄጄ «ያላልኩትን አላልኩም» አልኩት።

«አባት፣ ልማት ጠላህ እንዴ?» አለኝ እየሳቀ። «ፀረ ልማት እንዳትባል ብቻ!»

ያን ጊዜ ፀረ ልማት የተባለ ሰው ማዳበሪያ ሲታደል ተራው አይደርስም ነበር። እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ትልቅ ኃላፊ ሜዳውን ሊያይና ሕዝቡን ሊያነጋግር ከላይ እንደሚመጣ ተሰማ። የወረዳው ሰውዬ ላብ በላብ ሆኖ ቤቴ መጣ።

«ምሳ አንተ ቤት ነው። የልማቱ ወዳጅ አንተ አይደለህ?» አለኝ። ሊወጣ ሲል ደግሞ ዞር ብሎ፣ «ጥሬ ሥጋ ይወዳሉ። ዳጣው ይብዛ» አለ። ዳጣ በርበሬ ነው፤ የእኛ ግን ያስለቅሳል።

ለሚስቴ ነገርኳት። ምድጃዋን ትቆሰቁስ ጀመር። እሷ ምድጃ ስትቆሰቁስ እፈራታለሁ።

«ጥሬ ሥጋ አይሆንም» አለች በኋላ። «ጥሬ ሥጋ እሳት አያየውም።»

«እና ምን ልትሠሪ?»

«የተስማማህበትን ድንጋይ አምጣልኝ።»

«አልተስማማሁም እኮ፣ አንቺ ሴትዮ!»

«እንግዲያው ሁለት ጆንያ አምጣ።»

አመጣሁ። በዚያ ድንጋይ ቦዬ የምንለውን ሥራ ሥር ቀቀለች፣ ቆጮ ጋገረች። ቅቤውን ክዳኑን ከፍታ ጭሱ አጠገብ አስቀመጠችው። ቅቤ ያጠገቡትን ሽታ ሁሉ ይጠጣል። ባለሙያ ሴት ለዚህ ነው ከላምባ የምታርቀው፤ ሚስቴም ባለሙያ ናት። ጭሱ በጣሪያው ሣር ውስጥ እየተትጎለጎለ ወጣ። ዶሮዎቹ ቤቱን ለቀው ሄዱ፤ ጎረቤቶቹ ግን ምን እየነደደ ነው ብለው መጡ።

ኃላፊው ወፈር ያለ፣ ሰው አክባሪ ሰው ነበር። ጎንበስ ብሎ እንደገባ ሳል ያዘው።

«አባቴ፣ ምንድን ነው የሚቃጠለው?»

«ሀብቱ ነው ጌታዬ» አልኩት በሰባራው አማርኛዬ። «የመጡበት ሀብት።»

የወረዳው ሰውዬ ዓይኑን አፈጠጠብኝ። ጭሱ ስላስለቀሰው ግን አላስፈራኝም።

እኛ ዘንድ የቤት እህል ያልቀመሰ እንግዳ ሜዳ ላይ ቆሞ ቢናገር ሰሚ የለውም። ለኃላፊው ይህን ሳይነግሩት አልቀሩም፤ ቆጮውን ቅቤ አስነክቶ ጎረሰ። ማኘኩን አቆመ። ዞር ብሎ ሁላችንንም አየን። ዋጠ። ሚስቴ ይሄኔ ትልቅ ጉርሻ ይዛ አጠገቡ ደርሳለች።

«በሞቴ!»

«በቃኝ እናቴ፣ ጠገብኩ…»

«አንድ ጉርሻ ያጣላል። ተጣልተውን ሊሄዱ ነው?»

ሁለተኛውንም ጎረሰ። የወረዳውን ሰውዬ አራት አጎረሰችው፤ እሱን ይበልጥ ሳትወደው አልቀረችም። በር ላይ የቆሙት ሴቶች በነጠላቸው አፋቸውን ይዘው ይንፈቀፈቃሉ። ገል ይዛ ታልፈን የነበረችውም እዚያ መሃል አለች።

ከምሳ በኋላ ሜዳው ላይ ወጣን። ኃላፊው «የተከበራችሁ የአካባቢው ነዋሪዎች» ብሎ ጀመረና አገሳው። ሽታው ከፊት የተቀመጡት ዘንድ ደረሰ። የሰፈሩ ትልቅ ሽማግሌ ብድግ አሉ።

«ልጄ» አሉት፣ «ክብሪት የያዘ ሰው ወደ አንተ እንዳይጠጋ።»

ሜዳው በሳቅ ተናወጠ። ሳቁ ጋብ ሲል ሽማግሌው አልተቀመጡም። «አንድ ምሳ እንዲህ ካደረገህ፣ ሜዳው በሙሉ ሲቆላ ላማችን ከወንዙ ምን ትጠጣለች? እኛስ ከላሚቱ ምን እንጠጣለን?»

ኃላፊው አፉን በመሐረብ ጠረገ። ግን አልተቆጣም፣ ራሱም ሳቀ፤ ይህን አልነፍገውም። ወደ እኔ ዞረና፣ «የተስማማኸው አንተ አይደለህም እንዴ?» አለኝ።

«እኔ ያን ዕለት ሶዶ ፍየል ስሸጥ ነው የዋልኩት። የተስማማው እሱ ነው» አልኩና የወረዳውን ሰውዬ በጣቴ አሳየሁ። «ላም ስለሌለው አይከብደውም።»

የወረዳው ሰውዬ አንገቱን ደፋ። መልስ ፍለጋ ይሁን ቆጮው ተናንቆት፣ አላውቅም።

ነገሩ ግን በዚያ ቀን አላለቀም፤ የመንግሥት ነገር በአንድ ቀን አያልቅም። ሰው ሰላም ይለኝ ጀመር፤ እሳት ግን ሜዳው እስኪለይለት የሚጭር ጠፋ። ችካሉም እንደተተከለ ከረመ። ላሞቻችንን አሰርንበት፤ እውነት ለመናገር ጠንካራ ችካል ነበር። እኔ በዚያ መሃል ጎልማሶች ትምህርት ገብቼ ከነሽበቴ ፊደል ቆጠርኩ። ሌላ ሰው በአፌ ከሚናገር እጄ ይናገር ብዬ ነው።

በመጨረሻ ሰዎቹ መጥተው ችካላቸውን ነቀሉ። «እናንተ ስለተቃወማችሁ አይደለም፣ ሥራው አያዋጣም» አሉን። አያዋጣም የሚለውን ከኮምፒውተር ያግኙት ከሚስቴ ቅቤ፣ እነሱ ያውቃሉ።

ጥቂት ቀን ቆይቶ አንድ ማለዳ ያቺ ጎረቤታችን ገሏን ይዛ ደጃችን ቆመች።

«እሳት አላችሁ?»

«ግቢ» አለቻት ሚስቴ። «የእንጨት ነው፣ አትፍሪ።»

ጫረች። ቀኑን በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ፤ 2001 ዓ.ም.፣ ጊፋታ በዋለ በማግስቱ፣ ሰኞ።