ለጓድ ዘለቀ የተጻፈው የገና ካርድ

ሰሞኑን ሲቀላ ገበያ አጠገብ ካለች ጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ ፖስታ ልገዛ ገብቼ፣ ባለሱቁ ከመደርደሪያው ሥር አቧራ የጠጣ ካርቶን ጎትቶ አወጣና ገዢ ያጡ የገና ካርዶች አሳየኝ። አንዱን ስከፍተው የሙጫውና የቀለሙ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው፤ አበባው ላይ የተነሰነሰው ብልጭልጭም ጣቴ ላይ ቀረ። ባለሱቁ ዋጋ ሲነግረኝ እኔ ሴቻ ሰፈር፣ እናቴ ቤት በረንዳ ላይ፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሆኜ ተቀምጬ ነበር።

ጽሕፈቴ ያምር ነበር። ታኅሣሥ ሲጋመስ፣ ከአባያ ሐይቅ በኩል የሚመጣው ሞቃት ነፋስ የማንጎውን ቅጠል አቧራ ሲያለብሰው፣ እናቴ በረንዳው ላይ ጠረጴዛ ታወጣልኝና ለጎረቤት ሁሉ ካርድ እንድጽፍ ታዘኛለች፤ ወንፊቷን እንደምታውስ እኔንም ለሰፈሩ ታውሰኝ ነበር። አንዷ አስመራ ላለ ወታደር ልጇ፣ አንዱ ካምባ ለተዛወረ አስተማሪ ወንድሙ፣ ሌላዋ ላንቴ ወርዶ ሙዝ ለሚያለማ እጮኛዋ ያጽፉኛል። እኔ ግን ለሁሉም አንድ ነበር የምጽፈው፤ «እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም አደረሰህ፣ በዓሉ የጤናና የደስታ ይሁንልህ» ብዬ ፊደሎቹን እንደ ሐረግ አጠማዝዛለሁ። ወታደሩም እጮኛውም እኩል ይደርሳቸዋል። ቅር ያለው ሰው አልነበረም።

በዚያ ዓመት እትዬ ማርታ መጡ። ከአጥራችን ማዶ ይኖራሉ፤ እነሱ ጴንጤዎች እኛ ኦርቶዶክሶች ብንሆንም፣ እሳትና ጨው የምንዋዋስ ጎረቤታሞች ነበርን። ባለቤታቸው ጋሽ ጴጥሮስ ወንጌላዊ ነበሩ፤ ክረምት ላይ ጸሎት ቤታቸው ታሽጎ የቀበሌ መጋዘን ሲደረግ እሳቸውም ታሰሩ። ያሳሰሯቸው የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ዘለቀ ናቸው። ጓድ ዘለቀ በካኪ ልብሳቸው ብቅ ሲሉ ሰው የጀመረውን ወሬ ይውጥ ነበር። ያም ሆኖ የሰፈሩን ልጆች ለጦር ግንባር ሲመለምሉ የራሳቸውን ልጅ አላስቀሩም፤ ኅዳር ላይ መርዶው መጣ።

እትዬ ማርታ በርጩማው ላይ ተቀምጠው ካርዶቹን አገላበጡና ነጭ አበባ ያለበትን መረጡ። የሚነግሩኝ በጋሞኛ ነው፤ ወደ አማርኛ የምመልሰው እኔ ነኝ።

«ለጓድ ዘለቀ ጻፊልኝ» አሉ።

«ለማን?»

«ለዘለቀ። ልጁ ሞቶበት በዓል ሊውል አይደል?»

እናቴ ከጓዳ ብቅ አለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። የወጣቶች ማኅበሩ መፈክር ሁሉ በእኔ እጅ ስለሚጻፍ፣ ጓድ ዘለቀ ጽሕፈቴን ከሩቅ ያውቁታል። እትዬ ማርታ ግን ረጋ ብለው፣ እያንዳንዱን ቃል እንደ እንቁላል እያስቀመጡ ነገሩኝ፦

«እንኳን ለጌታ ልደት አደረሰህ። ዘንድሮ በዓሉ እንደሚከብድህ አውቃለሁ። ልጅህ ትንሽ ሳለ አጥራችንን ዘሎ ፓፓያ ይቀጥፍብን ነበር። ባለቤቴ እያየው ያላየ ይመስል ነበር፣ ልጁ እንዳይደነግጥና እንዳይወድቅ ብሎ። ፓፓያው ዘንድሮም አፍርቷል። ባየሁት ቁጥር ልጅህን አስበዋለሁ። እግዚአብሔር ያጽናህ።»

ብዕሬን አንሥቼ፣ «ጋሽ ጴጥሮስን እንዲፈቱልዎ አንድ ቃል እንጨምር?» አልኳቸው።

«አይሆንም ልጄ» አሉ። «ልመና ከገባበት ማጽናናት መሆኑ ይቀራል።»

ካርዱን በነጠላቸው ጫፍ ይዘው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያያቸው ወደ ቀበሌ ሄዱ። ቆሜ አየኋቸው። ሰው እንዲህ መሆን ይችላል ወይ እያልኩ አፌን ከፍቼ ቀረሁ፤ እስከ ዛሬም የከደንኩት አይመስለኝም።

የገና ዕለት ከሰዓት በኋላ ጓድ ዘለቀ ራሳቸው በራችን ላይ ቆሙ። እናቴ የያዘችውን ወጥ ማውጫ ጣለች።

«የጻፍሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ ጓድ።»

«ሌላ ካርድ አለሽ?»

እትዬ ማርታ የተቀመጡበት በርጩማ ላይ ተቀመጡ። የጓድ ዘለቀ እናት የሚኖሩት ጨንቻ ነው፤ እሳቸውም እንደ እትዬ ማርታ ጴንጤ ናቸው። ጓድ ዘለቀ ጸሎት ቤቱን ካሸጉ ወዲህ የእናታቸውን ፊት አላዩም፤ የልጅ ልጃቸውንም መርዶ በሰው ነው የላኩባቸው።

«ከጠዋት ጀምሬ ልጽፍላት ሞከርኩ» አሉ፤ «እኔ የምጽፈው ሁሉ ሪፖርት ሆኖ ይወጣል።»

የማጠማዝዘው ሐረግ ሁሉ ጠፋብኝ። ከዚያ የእትዬ ማርታ ፓፓያ ትዝ አለኝና፣ «እናትዎ ልጁን ምን ብለው ነበር የሚጠሩት?» አልኳቸው።

የሰፈሩ ሰው የሚፈራው ያ ግዙፍ ሰውዬ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩና፣ «ጌታዬ ነበር የምትለው። ገና ሳይራመድ ጀምሮ፣ ጌታዬ» ብለው አለቀሱ። እናቴ ስትፈራቸው የኖረችውን ሰው ውኃ ይዛ ቀረበቻቸው። የነገሩኝን እንደ ነገሩኝ፣ አንድ ፊደል ሳላስጌጥ ጻፍኩት።

ሳይቆይ አንዲት አሮጊት ከጨንቻ በወረደ መኪና መጥተው የልጃቸውን ቤት ጠየቁ። መንገዱን ያሳየኋቸው እኔ ነኝ። ጋሽ ጴጥሮስ ግን ያኔ አልተፈቱም፤ ሌላ ክረምት ገብቶ ከወጣ በኋላ ከስተው፣ ጢማቸው ነጥቶ መጡ። ጓድ ዘለቀ እጃቸው ይኑርበት አይኑርበት ማንም አላወቀም፤ እትዬ ማርታም አንድ ቀን እንኳ አልጠየቁም። ጸሎት ቤቱ የተከፈተው ደርግ ሲወድቅ ነው።

ዛሬ ከእነዚያ ሰዎች አንድም የለም፤ የሁሉንም ቀብር ቆሜያለሁ። ጎረቤት ጎረቤቱን የሚፈራበትን ያን ዘመን አልናፍቀውም። እኔም እትዬ ማርታ ያኔ ከነበሩበት ዕድሜ አልፌያለሁ፤ ያስቀየሙኝ ሰዎች አሉ፣ ሐዘንም ደርሶባቸዋል። ምን ብዬ እንደምጽፍላቸው ጠንቅቄ አውቃለሁ። ቃሉን እሳቸው አስተምረውኛል። ተነሥቶ ካርዱን ይዞ የሚሄደውን ልብ ግን ይዘውት ሄዱ።