«አይግዟት» ያልኳቸው ሰንጢ

ባለቤቴ ካረፈች በኋላ የሚከብደኝ ቅዳሜ ነው። በሌላው ቀን ቱሉ ዲምቱ ያለው ኮንዶሚኒየማችን ሰው ሁሉ ሥራ ስለሚሄድ ጭር ይላል፤ ጭርታው የእኔ ብቻ አይመስለኝም። ቅዳሜ ግን ከላይም ከታችም የቤተሰብ ድምፅ ይሰማል። እኔ ቤት የሚያወራው ሬዲዮ ብቻ ነው። ስለዚህ ታክሲ ይዤ አቃቂ ገበያ እወርዳለሁ። ጡረታ እስክወጣ ብረታ ብረት ፋብሪካ ስለሠራሁ፣ አሮጌ ዕቃ መሬት ላይ ከሚዘረጉት ዘንድ መቆም ደስ ይለኛል።

አንድ ቅዳሜ እዚያ ቁጢጥ ብዬ አንዲት ሰንጢ አነሳሁ። እጀታዋ ቀንድ ነው፤ ትልቅና ትንሽ ስለት፣ የቆርቆሮ መክፈቻና ወስፌ አጣጥፋ ይዛለች። ትልቁን ስለት ስከፍተው «ቀጭ» አላለም፤ ልፍስፍስ ብሎ ወጣ። ጫፉን ይዤ ብነቀንቀው ግራና ቀኝ ተወዛወዘ። ወደ ፀሐይ ቀና አድርጌ ሳያት በሞላዋና በጎን ብረቷ መካከል ብርሃን ያልፋል። ትንሹ ስለት ሲታጠፍም ትልቁን ይፍቀዋል።

«ጥሩ ናት?» አለ አንድ ድምፅ ከአጠገቤ። ዞር ስል በዕድሜ የሚበልጡኝ፣ በጨርቅ የተቋጠረ ምሳ ዕቃ ያንጠለጠሉ ሰውዬ ናቸው።

«አይግዟት» አልኳቸው። «ብረቷ ደህና ነው፤ ግን ስለቶቹን የያዘው ሚስማር፣ ሪቬቷ፣ ላልቷል፤ ሞላዋም ደክሟል። ጣት ላይ ልትታጠፍ ትችላለች።»

ተቀብለውኝ አገላበጧት። ወስፌውን አወጡ፣ መለሱ።

«ልክ እንዲህ ያለች ነበረችኝ። ልጄ ትንሽ ሆኖ ከኪሴ እየሰረቀ ሲጫወትባት ጠፋችብን። አሁን ቂሊንጦ ታስሯል። ሲፈታ እሰጠዋለሁ።»

እሳቸው ገዟትና ትንሽ አሰብ አድርገው፣ «አሁን ልጠይቀው እየሄድኩ ነው፤ በር ላይ ይፈትሹኛል። እስክመለስ ይያዙልኝ?» አሉኝ።

ታክሲ ተራው አጠገብ ካለችው ሻይ ቤት ተቀምጬ ጠበቅኋቸው። ከሰዓት በኋላ ባዶ ምሳ ዕቃ ይዘው ተመለሱ። «ከስቷል» አሉ። ሻያቸውን ጠጥተው ሲያበቁ፣ «ቤት ወስጃት ላብጃት?» አልኳቸው። ራሳቸውን በእሺታ ነቀነቁ።

ያን ሳምንት ጠረጴዛዬ ላይ የሚጠብቀኝ ነገር ነበረ። ዝገቷን በነጭ ጋዝ አጠብኩ፤ ሪቬቷን በትንሽ መዶሻ ቀስ እያልኩ መታሁ። አንዴ አብዝቼው ስለቱ አልከፈት ብሎኝ መልሼ አላላሁት። «አሁን ይሻላል» እያልኩ ጮክ ብዬ ሳወራ ራሴን ሰማሁና ደነገጥኩ። በዚያ ቤት ውስጥ ድምፄን ከሰማሁ ቆይቼ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እዚያው ሻይ ቤት ስመልስላቸው እውነቱን ነገርኳቸው፤ «መወዛወዟን ትታለች፤ ሞላዋ ግን ያው ነው።»

«እኛስ ያው አይደለን!» ብለው ሳቁ።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ እሳቸው ልጃቸውን ሊጠይቁ ሲሄዱ እኔ ሰንጢዋን ይዤ እጠብቃለሁ። ሲመለሱ ብርቱካን ልጠውባት ግማሹን ይሰጡኛል። ብዙ አናወራም። አንድ ቀን «ቤት ማን አለ?» ሲሉኝ «ማንም» አልኳቸው፤ የቀረውንም ግማሽ ወደ እኔ ገፉት።

ክረምቱ ሲወጣ አንድ ቀጭን ወጣት አስከትለው መጡ። «ያበጃት ሰው ይኸውልህ» አሉት። ልጁ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝ፤ ሰንጢዋን ተቀብሎ ደጋግሞ ከፈተ፣ አጠፈ። ሰውዬው ከተማ የከረሙት ለልጃቸው ብለው ነበር፤ አሁን ወደ አገራቸው የሚወስዳቸው መኪና ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃቸዋል። ሰውዬው አቅፈውኝ፣ «አንድ ቀን ይምጡና ይዩን» አሉኝ። የት እንደሆነ አልነገሩኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ከልቤ ደስ ብሎኝ እስከ መኪናው ሸኘኋቸው።

መኪናው ከሄደ በኋላ ሻይ ቤቷ ገብቼ ተቀመጥኩ። አስተናጋጇ እንደለመደችው ሁለት ሻይ አምጥታ ሄደች። አንዱን መልሺው ማለት ከበደኝና ሁለቱንም ጠጣሁ።