ልጄ የሚስቱን ቃል ሲሰማ

ልጄን ስትሮክ ጣለው፤ ሲነሳ የሰው ንግግር አይገባውም ነበር። ጆሮው ደህና ነው። "ውሃ ጠጣ" ስለው ግን አፌን ብቻ ያያል። እኔ ድሮም ቃል አላበዛምና በእጄ አሳየው ጀመር። ጣሳውን ስጠቁም ይጠጣል፤ መደቡን መታ ሳደርግ ይቀመጣል። ለዚያም አላህን አመሰገንኩ።

አዲስ አበባ አንድ ሐኪም ቤት እንዲህ ያለውን በማግኔት እንደሚያክም ሰማን። ማሽላችን አፍርቶ ወፍ የሚጠብቅለት ይፈልግ ስለነበር እኔ ቆቦ ቀረሁ፤ ሚስቱ ይዛው ሄደች። ማማው ላይ ወፍ ስጠብቅ በስልክ ትነግረኛለች።

"እማ፣ አይቆርጡትም አይወጉትም። ማግኔቱን ወደ ጭንቅላቱ ያስጠጉታል፣ ጠቅ ጠቅ ይላል። ከዚያ እኔ ቃል አስጠናዋለሁ።"

ዱዓ አደረግኩ። በዱዓዬ መሃል ግን ያቺ "እኔ" ያለቻት ትቆረቁረኝ ነበር።

ከሳምንታት በኋላ ተመለሱ። በሩ ላይ፣ ጀርባዋን እንደሰጠችው፣ "ጫማህን አውልቅ" አለችው። አወለቀ! እልል ማለት ነበረብኝ፤ እኔ ግን ጫማውን አንስቼ ጥግ አስቀመጥኩ። አፉን በእኔ ቃል የፈታ ልጅ አሁን ቃል ከእሷ ይቀበላል።

"ወተቱን ጠጣ" አልኩት። እጆቼን እያየ ጠበቀ።

"እማ፣ እጅዎን ይሰብስቡ" አለች። "ሐኪሙ ከልክሏል። እጅዎን ካየ ቃሉን አይፈልገውም።"

"ደግሞ ሐኪም ሆንሽ?"

"ኧረ ለፍላፊ ነኝ! ሲሰድቡኝ የኖሩበት ለፍላፊነቴ ጠቀመ።"

ሦስት ቀን በሆዴ አኮረፍኳት። እሱን በእጄ ስመራው የኖርኩት ቃሉን እያስረሳሁት ከሆነስ የሚለውም አላስተኛኝም። ዓርብ ከሶላት በኋላ እጆቼን ሻርፔ ውስጥ ከተትኩ። እሱ ከሚስቱ ጎን ተቀምጧል።

"ና፣ አጠገቤ ተቀመጥ" አልኩት፣ ቀስ ብዬ።

እጆቼን ፈለገ፤ አጣቸው። ወደ ሚስቱ ዞረ። እሷ፣ አላህ ይስጣት፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ደግሜ አልኩት። ተነሣ፤ መጥቶ ትከሻውን ከትከሻዬ አስነክቶ ተቀመጠ።

"እማ፣ ከዚያ ሁሉ ቃል 'አጠገቤ' የምትለዋን መረጡ?" ብላ ሳቀች።

አልሐምዱሊላህ አልኩ። ረዘም ያለ ነገር አሁንም ያመልጠዋል። ቅናቴም አልለቀቀኝም። ጠዋት ጠዋት ለእሷ ዱዓ አደርጋለሁ፤ ከዚያ እሷ ሳትቀድመኝ ልጄን እጠራዋለሁ።