ልጄ በራሴ ላይ አልፋ ሄደች

ዛሬ ጠዋት በሶዶ ሰማይ አውሮፕላን ሲያልፍ ቀና ብዬ «ልጄ!» አልኩ። ነፍሰ ጡር ናት፤ ስልኳ ዝግ ነው።

«የበኩር ልጅ እናት ቤት ነው የሚወለደው» ብዬ ድርቅ ያልኩት እኔ ነኝ፣ እናቷ በሕይወት ባትኖርም።

መኪና ያንገላታል ተብሎ በአየር ተሳፈረች። ከአዲስ አበባ አርባ ምንጭ አንድ ሰዓት ነው አሉ። ታዲያ ቤቷን በሰማይ አልፋ፣ ከአርባ ምንጭ በመኪና ወደ ኋላ ትመለሳለች! የተማረ ሰው ሂሳብ።

ደጋግሜ ስደውል ጎረቤቴ «ጋሼ፣ ሰማይ ላይ ሆና እንዴት ታንሳ?» ብላ ሳቀችብኝ።

በኋላ ደወለች። «አባዬ አረፍን፤ ሁምቦ ስደርስ እደውላለሁ።»

«አትደውዪ፣ ዝም ብለሽ ነይ» አልኳት። ስልኩን ግን እስካሁን ከእጄ አላወረድኩም።

ድሮ ጭንቀቱን የምትይዝልኝ እናቷ ነበረች። እናንተስ ልጅ መንገድ ላይ ሲሆን እንዴት ትቀመጣላችሁ? ፊደል ብስት እለፉት፤ ራሴ ነኝ የጻፍኩት።