ለእሳት እራት የተላኩ ሽማግሌዎች

ሽማግሌ የሚላከው፣ እኔ እስከማውቀው ድረስ፣ ወይ ልጅ ለመጠየቅ ነው ወይ የተጣላ ለማስታረቅ ነው። አባቴ ግን ሽማግሌ የላከው ፕሮፌሰሬ ዘንድ ነው። ጉዳዩ ደግሞ የእሳት እራት ነበር። ይህን ሳወራ ሰው ይስቃል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ፣ ጆሮዬ ግን እስካሁን ይግላል።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ያን ጊዜ የምማረው ስለ ሣር የእሳት እራቶች ነበር፤ ያውም ኒውዚላንድ ከምትባለው የደሴት አገር በቀር ዓለም ላይ የትም ስለማይገኙት። የጣት ጥፍር ያክላሉ፤ ቀለማቸው የጭድ ነው፤ ሣር ላይ ሲያርፉ ክንፋቸውን በሰውነታቸው ላይ ይጠቀልሉና ከሣሩ አይለዩም። ፊታቸው ላይ ወደ ፊት የሾለ፣ አፍንጫ የሚመስል ነገር አላቸው። ቆንጆ ናቸው ብዬ አልዋሽም። ግን እወዳቸዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ ደግሞ አንድ ቀን እንኳ በአማርኛ አስረድቼ አላውቅም።

ቤተ ክርስቲያን ሰው "ምን ትማሪያለሽ?" ሲለኝ "ባዮሎጂ" ብዬ አመልጣለሁ። አባቴ መች ያስመልጠኛል! "የእሳት እራት ነው የምትማረው!" ይላል ደረቱን ነፍቶ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ። ይህን የሰሙ እናቶች ወዲያው ይከቡኛል። "እሰይ የኔ ልጅ፣ እስቲ ብል ቀሚሴን ጨረሰብኝ፣ ምን ባደርግ ይሻላል?" ብል ሌላ ነው፣ የእኔዎቹ ልብስ አይበሉም ብዬ ባስረዳ የሚሰማኝ የለም። አንድ እናትማ በሚቀጥለው እሑድ የተበላ ጋቢያቸውን በፌስታል አምጥተው አስታቀፉኝ። ሜትሮ ባቡር ውስጥ ገብቼ እኔ የምኖርበት ሲልቨር ስፕሪንግ እስክደርስ ድረስ ሰው ሁሉ ፌስታሉን የሚያይ ይመስለኝ ነበር።

እውነቱን ልናገር፣ አፍር ነበር። አብረውኝ ካደጉት ልጆች አንዷ ነርስ ናት፣ አንዱ ባንክ ይሠራል፣ እኔ ሰላሳ ዓመት ሊሞላኝ ምንም ሳይቀረኝ ነፍሳት በመርፌ እወጋለሁ። የማያፍረው አባቴ ብቻ ነበር፤ እሱ ባለማፈሩም አፍር ነበር።

እናቴ ካረፈች በኋላ አባቴ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወንዝ ማዶ ባለችው አሌክሳንድሪያ፣ እኔ ባደግሁበት አፓርትመንት ውስጥ ብቻውን ቀረ። አንድ ሆቴል ሥር ፓርኪንግ ይሠራል። ስኳር አለበት። ይህ ሁሉ ከመሆኑ በፊት በነበረው ዊንተር ኪችን ውስጥ ወድቆ ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ ያን ቅዳሜ እንደ ልማዴ በሩን ከፍቼ ባልገባ ኖሮ አልቆለት ነበር። ከእኔ ሌላ ልጅ የለውም። እኔም ከእሱ ሌላ ወላጅ የለኝም።

ፕሮፌሰሬ "ሁለት ዓመት ኒውዚላንድ ሄደሽ ትሠሪያለሽ፣ ተፈቅዶልሻል" ስትለኝ መጀመሪያ በደስታ ጮህኩ፣ ቀጥሎ አባቴን አሰብኩ። ለአባቴ በስልክ ነገርኩት። "ሂጂ እንጂ! ምን ልትሆኚ ትቀሪያለሽ?" አለኝ በጣም ፈጥኖ። ከዚያ ሥራ ልገባ ነው ብሎ ዘጋው። ያን ቀን ኦፍ እንደሆነ አውቃለሁ። ማወቄን ግን አልነገርኩትም። "አትሂጂ" እንዲለኝ አልፈለግሁም፤ ካለኝ እቀራለኋ!

ቅዳሜ ቤት ስሄድ ላፕቶፔን ከፍቼ ቦታውን አሳየሁት። ተራራ፣ ደመና፣ ዓይን የሚያታክት ሣር። "ይሄማ ጓሳ ነው" አለ፤ የመንዝ ሰው ነው፣ ጓሳ የሚለው የአገሩን የደጋ ሣር ነው። ከዚያ የእሳት እራቶቹን ፎቶ አሳየሁት። መነጽሩን አድርጎ ተጠጋ።

"እነዚህን አውቃቸዋለሁ።"

"የት ታውቃቸዋለህ?"

"ፓርኪንጉ በር ላይ ያለው ሣር ውስጥ። ውሃ ሲያጠጡት ብር ብር እያሉ ይወጣሉ።"

"አባዬ፣ እነዚህ እዚያ አገር ብቻ ነው ያሉት።"

"እዚያ ብቻ?"

"እዚያ ብቻ። ሌላ ቦታ አይገኙም።"

"እህ" አለ። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገው። እኔ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ምሳ ማሞቅ ጀመርኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ኮል አደረገልኝ። "ፕሮፌሰርሽ ማክሰኞ ኦፊስ ትገባለች?" አለኝ። "ትገባለች፣ ምነው?" ስለው "እንዲያው" አለ። ድፎ ዳቦ ሊልክላት ነው ብዬ ጠረጠርኩ፤ እንዴት አድርጌ እንደማስተወው ሳሰላስል ሰነበትኩ። ዳቦ በሆነ!

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ አንዲት የክፍሌ ልጅ ላቦራቶሪ ድረስ መጥታ "አባትሽ እዚህ ነው፣ ፕሮፌሰሯ ጋ" አለችኝ። ስኳሩ ተነሳበት ብዬ እየሮጥኩ ደረጃውን ወጣሁ። የኦፊሱን በር ብከፍት ሦስት ሰዎች ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው፣ ወለሉ መሃል ተሰልፈው ቆመዋል። በስመ አብ!

አንዱ አባቴ ነው። ሁለተኛው የአሌክሳንድሪያ ጎረቤታችን ናቸው፤ ስንት ዘመን ታክሲ ነድተው፣ በስልክ የሚጠሩት መኪናዎች ሲመጡ ገበያ አጥተው ያቆሙ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ሰው። ሦስተኛው ሠርግም ሆነ ጠብ ካለ የማይቀሩ፣ ነጠላቸውን በኮታቸው ላይ ያጣፉ፣ ንግግር አዋቂ አዛውንት ናቸው። በደንቡ አባቴ መምጣት አልነበረበትም፤ ላኪ ከተላኪ ጋር አይመጣም። ግን ጠርሙሱን ማን ይያዝለት? የኦቾሎኒ ቅቤ የነበረበት ጠርሙስ በሁለት እጁ አቅፎ ቆሟል።

ፕሮፌሰሬ ቁምጣ ለብሳ፣ ሰንደል ተጫምታ፣ "ፕሊስ፣ ፕሊስ" እያለች ወንበር ታሳያቸዋለች። ወንበር ያነሳቸው መስሏት ከጎን ካለው ኦፊስ አንድ ጎትታ ጨመረች። የሚነቃነቅ የለም።

"እሜቴ" አሉ ባለነጠላው፣ ዝቅ ብለው እጅ ነስተው፤ "መቀመጡስ ባልከፋ። ነገር ግን የመጣንበት ጉዳይ ሳይፈጸምልን አንቀመጥም።" ወደ እኔ ዞሩና "ንገሪልን እንጂ ልጄ" አሉኝ።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ምን ብዬ ልንገራት? እኛ ዘንድ ሽማግሌ የሚቆመው እሺ እስኪባል ነው፣ እሺ ካልሽ ይቀመጣሉ፣ እምቢ ካልሽ እንደቆሙ ይውላሉ ልበላት? "ቆመው ቢያናግሩሽ ይሻላቸዋል" አልኳት፣ ዓይኔን ምንጣፉ ላይ ተክዬ። ከዚያ በኋላ በቅንድቤ ሥር ሰረቅ አድርጌ ከማየት በቀር ዓይኔን ከዚያ ምንጣፍ አላነሳሁም። ሰማያዊ ነበር፣ ጥጉ ላይ ቡና የፈሰሰበት።

"ይቺ ልጅ ለአባቷ አንድ ናት" ብለው ጀመሩ ባለነጠላው። "እናቷ አርፋለች። የእሱም ጤና እንደምናየው ነው። ትማር፣ ትደግ፣ እርስዎም ስላስተማሯት ይባረኩ። ግን ያን ሁሉ ባሕር የምትሻገረው ለዚህ ፍጥረት ከሆነ፣ ፍጥረቱ እዚሁ አለ። እዚሁ ትማረው። ይኸው፣ ይዘንልዎት መጥተናል።"

ተረጎምኩት፣ አባቴን ሳላየው። ከኀፍረቱ ጋር ንዴቱም መጣብኝ። ለእኔ "አትሂጂ" ማለት አቅቶት ለፈረንጅ! አባቴ ክዳኑን ከፍቶ የሞቱ የእሳት እራቶች የሞሉበትን ጠርሙስ አቀበላት። በሥራ ልብሱ፣ ሆቴሉ በር ላይ፣ ሣሩ ውስጥ ተንበርክኮ እነዚያን በእጁ ሲይዝ፣ እንግዶቹም ሻንጣቸውን እየጎተቱ ሲያዩት ታየኝና ጭራሽ ባሰብኝ።

ፕሮፌሰሬ ግን አልሳቀችም። ነጭ ወረቀት ዘርግታ ገለበጠቻቸው፤ አጉሊ መነጽሯን አውጥታ አንድ በአንድ አየቻቸው። "ተመሳሳይ ናቸው ማለታቸው አይፈረድባቸውም" አለችኝ። "ከእኛዎቹ ጋር አንድ ወገን ናቸው። ዘመዳሞች ናቸው በያቸው።"

ስነግራቸው ሦስቱም ተያዩ። "አላልኳችሁም!" አሉ ጎረቤታችን።

"ግን እነሱ አይደሉም" ብላ ቀጠለች። "እነዚህ እዚህ በየሣሩ ሞልተዋል። የዚያዎቹ ያሉት እዚያ ብቻ ነው። ሣራቸው ደግሞ እየታረሰ ነው። እዚያ ካለቁ ሌላ ቦታ አይገኙም። የምትሄደው ለዚህ ነው።"

ይህንንም ተረጎምኩ። የጎረቤታችን ጉልበት ሱሪያቸው ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ዓይኔ ከምንጣፉ ሳይርቅ አየሁት። በዚያ ክፍል ውስጥ እሳቸውን ማስቀመጥ የምችለው እኔ ብቻ ነበርኩ። "እቀራለሁ" ብል ሦስቱም ይቀመጡ ነበር። አላልኩም።

ከዚያ አባቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፈተ።

"እኔም ሌላ ቦታ አልገኝም በያት" አለ።

ፕሮፌሰሬ ወደ እኔ ዞረች። "ምን አለ?"

ይህን በእንግሊዝኛ ካወጣሁት እዚያው ቆሜ እንደማለቅስ አወቅሁ። እሷ ደግሞ ደግ ሴት ናት፣ "እንግዲያው ቅሪ" ትለኛለች። "ታንክ ዩ እያለሽ ነው" አልኳት።

"ታንክ ዩ"ን አባቴ አሳምሮ ያውቃታል። መኪናውን ለሚያወጣ ሰው ሁሉ ቀኑን ሙሉ የሚላት እሷን ነው። እያየኝ እንደሆነ ታወቀኝ፤ እኔ ግን ምንጣፌ ላይ ነኝ። ከዚያ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ። አባቴ ተቀመጠ።

"ኧረ ምነው?" አሉ ባለነጠላው ደንግጠው። "ገና ሳይፈጸም?"

"ተፈጽሟል" አለ አባቴ። "እናንተም ተቀመጡ። ጋሼ፣ እስቲ ጉልበትዎን ያሳርፉ።"

ተቀመጡ። ያን ጊዜ ቀና አልኩ። ፕሮፌሰሬ ነገሩ ያማረላት መስሏት በደስታ ውሃ ቀዳችላቸው። ባለነጠላው "ሄደሽ በሰላም ተመለሺ" ብለው መረቁኝ፤ ምርቃቱ ግን እንደ ወትሯቸው አልረዘመም።

መኪናቸው ድረስ ሸኘኋቸው። እዚያ ነው የፈነዳሁት። "ምነው አባዬ! ሰው እንዲህ ይዋረዳል? ነገ በምን ዓይኔ ነው የማያት?" እያልኩ፣ ተማሪ ሁሉ በሚያልፍበት ጮህኩበት። ጎረቤታችን "ተይ ልጄ፣ ተይ" አሉኝ። አባቴ ባዶውን ጠርሙስ ይዞ "ይቅርታ፣ አጠፋሁ" አለኝ። አባቴ ይቅርታ ሲለኝ ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር። እኔም "እሺ" ብዬው ተመለስኩ። "እሺ" አልኩት እኮ!

ሄድኩ። ሁለት ዓመት ያን ጓሳ የመሰለ ሣር እየገለጥኩ፣ በነፋስ እየተገፋሁ፣ እነዚያን ነፍሳት ተከታተልኩ። በየሳምንቱ ስደውል ሰላምታውን ሳይጨርስ "ስኳሬ ደህና ነው" ይለኛል። ለካ ጎረቤታችን በየጠዋቱ በሩን ሊያንኳኩለት ተስማምተው ኖሯል፤ በዚያ ጉልበታቸው ደረጃ እየወጡ። መሄዴ አይቆጨኝም፤ አሁንም ቢሆን እሄዳለሁ። የሚያሳፍረኝ መሄዴ አይደለም።

ስመለስ ኤርፖርት የተቀበለኝ አባቴ ነው። ከስቷል፣ ፀጉሩ ነጭ ሆኗል፣ ያችኑ ከረባት አስሯል። አሌክሳንድሪያ ልንደርስ ስንል ሁለት ዓመት ሆዴ ውስጥ የከረመውን ጠየቅሁት።

"አባዬ፣ ያን ቀን ለምን ተቀመጥክ? ስለ ጋሼ ጉልበት ብለህ ነው?"

"ኧረ እሳቸው እስከ ማታም ይቆሙ ነበር። እልኸኛ ናቸው።"

"ታዲያ በእኔ ተቀይመህ ነው? ያልከውን ስላልነገርኳት?"

"አይ።" መብራት ይዞን ነበር። ወደ ፊት እያየ መሪውን በጣቱ መታ መታ አደረገ። "ከገባሽበት ሰዓት ጀምሮ አንገትሽን ደፍተሽ ቆመሽ ነበር። አንድ ልጄን በሰው ፊት አንገቷን ያስደፋኋት እኔ ነኝ አልኩ። ካልተቀመጥኩ ቀና እንደማትዪ ገባኝ፤ ተቀመጥኩ።"

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ትንሽ ከሄድን በኋላ "ቀና አልሽ እንጂ?" አለኝ።

"አዎ" አልኩት። ዓይኔ የመኪናው ወለል ላይ ነበር።